መሪዋ በግራ የነበረች ፔጆ

በ1971 ዓ.ም. አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር። ናይሮቢ ኢስትሊ ውስጥ ከሚስቴና ከወንድሟ ጋር አንድ ግቢ ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ ከአዲስ አበባ በሞያሌ አድርጌ ያወጣኋት ፔጆ 404 አለችኝ። እሱ እዚያው ናይሮቢ የገዛት 504 አለችው። ከናይቫሻ ሽንኩርት እያመጣን ለሐበሻ ምግብ ቤቶች እናከፋፍላለን። ሥራው ሲቀዘቅዝ አንዷ ትሸጥ ተባለ። የትኛዋ በሚለው ተጣላን።

“ጋሼ፣ የእርስዎዋ አርጅታለች” ይለኛል። “የእኔ ሞተር ሁለት ሺህ ሲሲ ነው፣ የእርስዎ አንድ ሺህ ስድስት መቶ። ፍሬንም ቢሆን የእኔዋ ዲስክ ነው።”

“ያንተዋ ቤንዚን ትጠጣለች። የእኔዋ ያን ሁሉ ኮረኮንች ስትመጣ አንድ ብሎን አልጣለችም።”

“ብሎን አልጣለችም፣ መሪዋን ግን ያለቦታው ይዛ መጣች።”

ይህቺን አልወደድኳትም። እኛ አገር በቀኝ ስለሚነዳ መሪው በግራ ነው። ኬንያ የሚነዳው በግራ ነው። ከጭነት መኪና ኋላ ሆነህ ልትቀድም ስትል ከፊት የሚመጣውን አታይም፤ የሚያየው በቀኝ የተቀመጠው ሰው ነው። ለእኔ የምታይልኝ ሚስቴ ነበረች። “ውጣ” ስትል እወጣለሁ፣ “ቆይ” ስትል እቆያለሁ።

ዳገት ይለየን ተባባልን። እኩል ሽንኩርት ጭነን ከናይቫሻ ተነሣን፤ ቀድሞ ጫፍ የደረሰ መኪናው ትቀርለታለች። ሜዳው ላይ ተከታትለን ሄድን። ዳገቱ ሲጀምር አንድ የጭነት መኪና ጭሱን እየተፋ ከፊታችን ያዘገማል። ወንድሟ ብቅ ብሎ አየና አለፈው። እኔ ጭሱ ውስጥ ቀረሁ። በሦስተኛ ማርሽ መጎተት አቃታት፣ ወደ ሁለተኛ መለስኩ። ሞተሩ ጋለ።

“ቆይ” አለች ሚስቴ በቀኜ ተቀምጣ።

ቆየሁ።

“ቆይ።”

“እስከ መቼ?”

“መታጠፊያ ነው፣ አይታየኝም።”

“ወንድምሽ ጫፍ እስኪደርስ ነዋ።”

መሪውን ወደ ቀኝ ሰበርኩ። ወጣሁ።

አውቶቡስ እየወረደ ነበር። እጇን ሰዳ መሪውን ወደ ግራ ገፋችው፣ እኔ ፍሬን ረገጥኩ። አውቶቡሱ የእሷን በር ፍቆ አለፈ።

ጫፉ ላይ ወንድሟ መኪናውን ተደግፎ ይጠብቀናል። “ጋሼ፣ ምሳ በልተው ነው የመጡት?” አለ፤ በሩን ሲያይ ግን ከተደገፈበት ቀና አለ። በሩ አልከፈት ስላላት ሚስቴ በእኔ በኩል ወረደች። ሄዳ እሱ መኪና ውስጥ ገባች። ኢስትሊ ድረስ ብቻዬን ነዳሁ።

ቤት ስንገባ፣ “ሞተሯ ምን አጠፋ?” አልኳት።

“ሞተሯን ማን ነካ? እኔ ግን ሁለተኛ አላይልህም። ሌላ ሰው ፈልግ።”

504 ትፈጥናለች፣ ፍሬኗም ይሻላል፤ አልክድም። ለጥንካሬ ግን ዛሬም 404 ትበልጣለች እላለሁ፣ ማንም አያስለውጠኝም። ይሁን እንጂ ከሚስቴ ሌላ ሰው እዚያ ወንበር ላይ አስቀምጬ “ውጣ” ሲለኝ የምወጣ ሰው አልነበርኩም።

በማግስቱ ጠዋት መኪናዋን አጠብኳት፤ የተፋቀውን በር ግን አልነካሁትም። አንዲት ጋሪ እንኳ ሳልቀድም፣ ማታቱ የሚሉት የሕዝብ ታክሲ ሁሉ ከኋላዬ ጡሩምባ እየነፋብኝ፣ ሸቀጥ ወደ ሩዋንዳ ወደሚወስድ ነጋዴ ሄድኩ። እዚያ በቀኝ እንደሚነዳ ነግረውኝ ነበር። የበሩን ነገር ራሴ ነገርኩት። በዋጋ ተስማምተን ቁልፉን ሰጥቼው በእግሬ ተመለስኩ።