የእሑድ ከሰዓት ጦርነቶች

ባለቤቴ ከምሥራቅ ጀርመን ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ ሻንጣው ውስጥ፣ ከመጻሕፍቱ ሥር፣ አንዲት የእንጨት ሳጥን ነበረች። ገና አልተጋባንም። ስጦታ ያመጣልኝ መስሎኝ ስከፍታት በጥጥ የተጠቀለሉ፣ ከአውራ ጣት የማይበልጡ የቆርቆሮ ወታደሮች ሞልተውባታል። ፈረሰኛው፣ እግረኛው፣ ነጋሪት መቺው ሳይቀር አለ።

«ለልጅ ነው?» አልሁት።

«ለእኔ ነው» አለኝ፣ ምንም ሳያፍር።

በዚያ አገር ትልልቅ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ኮረብታና ወንዝ ሠርተው፣ ወታደር አሰልፈው፣ በማስመሪያ እየለኩና ዳይስ እየጣሉ የድሮ ጦርነት እንደሚዋጉ አስረዳኝ። ማን ምን ያህል እንደሚራመድ፣ ጥይቱ የት ድረስ እንደሚሄድ የሚወስን ሕግ አለው። ቤት ያከራዩት ሽማግሌ ናቸው ያስተማሩት፤ ሲለያዩም ሳጥኗን ሰጡት።

ከተጋባን በኋላ ባሕር ዳር ከሐይቁ ብዙ የማይርቅ ቤት ተከራየን። እሱ ኮሌጅ ያስተምራል፣ እኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። የእኔ ሥራ ጨርቅ መቅደድ ነው ማለት ይቻላል። ማሽኑ ቁራጩን በሁለት ጫፉ ይዞ እስኪበጠስ ይጎትተዋል፣ እኔ ስንት ጉልበት እንደቻለ አነባለሁ።

ባለቤቴ የሚጫወተው ከአንድ ጓደኛው ጋር ነበር። መስጊዱ አጠገብ የአባቱን የጨርቅ ሱቅ የሚይዝ ነጋዴ ነው፤ ቀልድ ያውቃል፣ ሽንፈት ግን አይወድም። ሁለቱ ተጋግዘው የጀርመኖቹን ፈረሰኞች እንደገና ቀለም ቀብተው የዘመነ መሳፍንት ሰው አደረጓቸው። ነጭ ሱሪ አለበሷቸው፤ ከሱቁ የመጣ ትንንሽ የልብስ ቁልፍ ጋሻ ሆናቸው። እኔም ለአለቆቹ ከክር ብናኝ ጎፈር ሠርቼ ለጠፍሁላቸው።

እሑድ ጧት የቀበሌ ስብሰባ አለ። ከሰዓት ምሳ ሲነሣ ጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ ብርድ ልብስ ይነጠፋል፤ ከሥሩ መጽሐፍና የታጠፈ ጨርቅ ይገባና ኮረብታ ይሆናል። በመንገድ በኩል ያለውን መጋረጃ እንዘጋለን። ክፉ ነገር እየሠራን አይደለም፤ ግን በዚያን ጊዜ ኮረብታና ሠራዊት ዘርግተው አጎንብሰው የሚመክሩ ሰዎች ለአላፊ አግዳሚ ምን እንደሚመስሉ እናውቃለን። የሐይቁን መስኮት ብቻ ክፍት እንተወዋለን።

የጀርመኖቹ ሕግ ለጦርና ለጋሻ አልሆነም። ባለቤቴ የራሱን መጻፍ ጀመረ፤ በየሳምንቱ ይሞክሩታል፣ በየሳምንቱ ይጨቃጨቃሉ። አንድ ቀን ንትርካቸው ሰልችቶኝ ልነሣ ስል፣

«እስቲ አንቺ ሞክሪው» አለኝ። «እኛ ምን ለማለት እንደፈለግን ስለምናውቅ ጉድለቱ አይታየንም።»

«ምን ላድርግ?»

«ለማሸነፍ ተጫወቺ። ያልተከለከለውን ሁሉ አድርጊ፣ ይሉኝታ አይያዝሽ። ከቻልሽ አፍርሽው።»

ይኸማ ሥራዬ ነው። ወረቀቱን ሳነበው ፈረስ ይደክማል የሚል የትም የለም። ስለዚህ አንድም ጦር ሳልወረውር ፈረሶቼን በጠረጴዛው ዳር ዳር ሳዞራቸው ዋልሁ፤ የባለቤቴ እግረኛ እነሱን ለመጠበቅ ሲዞር ሲዞር ሰልፉ ተበታተነ።

«እመቤት፣ እነዚህ ፈረሶች ገብስ የሚበሉት መቼ ነው?» አለኝ ነጋዴው፤ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ። ባለቤቴ ግን እርሳሱን አንሥቶ ስለ ፈረስ ድካም መጻፍ ጀመረ። ከዚያ ወዲያ እኔ ያልሞከርሁት ሕግ አልጸደቀም።

ወንድሜ የመጣው በዚህ መካከል ነው። ታላቄ ነው። ኦጋዴን ዘምቶ ግራ እጁን ተመታና ሆስፒታል ከርሞ ተሰናበተ። እጁ ተርፏል፣ ጣቶቹ ግን አይታጠፉም። ወላጆቻችን በሕይወት ስለሌሉ የሚገባው እኔ ቤት ነበር። ድሮ ጨዋታ የሚያበዛው ሰው ዝምተኛ ሆኖ መጣ። ጧት ሐይቁ ዳር ይሄዳል፣ ለምሳ ይመለሳል፣ የተሰጠውን በልቶ ያመሰግናል። እንደ እንግዳ ማመስገኑ ነበር እኔን የሚከፋኝ።

ወንድሜ በመጣ በሁለተኛው እሑድ ባለቤቴ ሊያጫውተው ብሎ ጠራው። «ጋሼ፣ ይምጡ እንጂ። ኮረብታውን እርስዎ ይያዙልን።»

ወንድሜ እሺ ብሎ ተቀመጠ። በቀኝ እጁ ወታደሮቹን አንድ በአንድ ከኮረብታው ጀርባ ደረደረ። አቀማመጡን ያየው ነጋዴ «ዛሬስ ጉዴ ፈላ» አለ። ግን አጠቃ፤ ዳይሱም ለእሱ ደግ ሆነለት። ባለቤቴ እንደ ልማዱ የወደቁትን የወንድሜን ወታደሮች በመዳፉ አፍሶ ሳጥኗ ውስጥ ጣላቸው። ቆርቆሮው ተንኳኳ። ወንድሜ ሳጥኗን ትንሽ አያት። ከዚያ ወንበሩን ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ገፍቶ ወጣ።

ተከተልሁት። ሐይቁ ዳር፣ ደንገሉ ከበቀለበት አጠገብ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ተቀየምህ፣ ጋሼ?»

«ማንን እቀየማለሁ? ጨዋታ ነው።» ቀጥሎም፣ «ብርድ ልብስ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ትናንት ለብሼው ያደርሁት ነው። ዓይኔ ግን ኮረብታ አደረገው» አለኝ።

አጠገቡ ተቀመጥሁ። አንድ ታንኳ እንጨት ጭና ወደ ከተማው ስትቀዝፍ ሁለታችንም እሷን አየን።

«ሲያነሣቸው አንዱን እንኳ ማን እንደሆነ አላየም» አለ። «ባልሽ ክፉ ሰው አይደለም። ግን አላየም።»

ይህን ለባለቤቴ ስነግረው ሳጥኗን ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀላት። ነጋዴው እሑድ እሑድ መምጣቱን አላቋረጠም፤ ካርታ ይጫወታሉ፣ ወሬ ያወራሉ። ከወንድሜም ጋር ተላመዱ። አንድ ሳምንት ጨርቅ ይዞ ወደ ጢስ ዓባይ ገበያ ሲወርድ ወንድሜን አስከትሎት ሄደ። በዚያ ቀን ማታ እራት ላይ ወንድሜ ሳይጠየቅ ተናገረ።

«ያ ጨዋታ የግድ እዚህ አገር መሆን አለበት?»

ባለቤቴ ጉርሻውን ያዝ አድርጎ ቀረ። «የት ይሁን፣ ጋሼ?»

«ማንም ያልሞተበት ቦታ።»

ባለቤቴ ተማሪ ሳለ ስለ ሌላ ዓለም ፍጥረቶችና ስለ ሰማይ መርከቦች የሚተርኩ ልብ ወለዶች ማንበብ ይወድ ነበር። «ሌላ ፕላኔት ላይ ማድረግ ይቻላል» አለው። «ሰው ገና ያልረገጠው።»

«እዚያ ከሆነ እጫወታለሁ።»

ዓለሟ ውኃ ብቻ እንድትሆን ተስማማን፤ በመስኮቱ የሚታየን ውኃ ስለሆነ ይመስለኛል። ሰማያዊ ጨርቅ ገዛሁ። ፋብሪካ የሚጣለውን፣ ክር የሚጠመጠምበትን ሾጣጣ ካርቶን አስፈቅጄ አመጣሁና የሚበሩ መርከቦች ሆነ። ነጋዴው የዶቃ ከረጢት ይዞ መጣ፤ ዶቃዎቹ የዚያች ዓለም ሰዎች ናቸው፣ ሰማያዊው አንድ ወገን፣ ቢጫው ሌላ ወገን። ወንድሜ ደንገሉን በጥርሱ እየያዘ በቀኝ እጁ ጠፍሮ ተንሳፋፊ ደሴቶች ሠራ። ለሥራው ሲል ጧት ጧት ከእኔ ቀድሞ ይነሣ ጀመር።

አንድ ሕግ ራሱ አወጣ። መርከብ ሲመታ ሰዎቹ ከጠረጴዛው አይነሡም። ውኃው ላይ ይቀራሉ፣ ወገናቸው መጥቶ እስኪያነሣቸው ይጠብቃሉ። ሲያልቅ ደሴቱ ላይ ብዙ ሰው የያዘ ያሸንፋል።

«ሞክሪዋ» አለኝ ባለቤቴ።

ሞከርኋት። ሰዎቼን ሁሉ ደሴቴ ላይ አስቀምጬ እጄን አጣጥፌ ቁጭ አልሁ። ነጋዴው ሊወጋኝ መጣ፣ መርከቦቹ ተመቱ፣ ሰዎቹን ውኃ ላይ በተነ፤ እኔ ከቤቴ አልወጣሁም። ስንቆጥር አሸነፍሁ።

ወንድሜ ጠረጴዛውን አየ፣ እኔን አየ፣ ሳቀ። ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። «እንዲህ ያለ አዛዥ ቢኖረን ኖሮ!» አለ፤ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ባለቤቴ መሳቅ ይገባው እንደሆነ አላወቀም፤ ወደ እኔ አየና እሱም ሳቀ።

ከዚያ ደሴቶቹ ምግብ እንዲያልቅባቸው አደረግን፣ ለዓሣ መውጣት ግድ ሆነ። ያንን ስናስተካክል ደግሞ የወደቀው ሁሉ እየተነሣ ጨዋታው ማለቂያ አጣ። ብዙ እሑዶች ከታገልን በኋላ ነጋዴው፣ «እኔ እንደሁ ሳይመሽ ቤቴ መግባት አለብኝ፤ ፀሐይዋ ስትጠልቅ ይለቅ» አለ። ሕግ ሆኖ ተጻፈ።

ሳጥኗን ነጋዴው ወደ ቤቱ ወሰዳት። ከባለቤቴ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ የፈረሰኞቹን ጦርነት ይጫወታሉ። ወንድሜ ያውቃል። እሑድ ሲገናኙ «ትናንት ማን ቀናው?» ይላቸዋል፤ ሲተርኩለትም ደህና አድርጎ ያዳምጣል። ተመልሶ ግን አልተጫወተውም፤ እኛም ና አላልነውም።

በኋላ ጀልባዎቹ በሚቆሙበት ወደብ የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ። ከሐይቁ ውስጥ ከደቅ ደሴት እየመጣች ዓሣ የምትሸጥ አንዲት ሴት አገባና ከከተማው ወጣ ብሎ ሰባታሚት ትንሽ ቤት ሠሩ። እሑድ አብረው ይመጣሉ። ሚስቱ መጀመሪያ ትልልቅ ሰዎች በዶቃ ሲጨቃጨቁ ዳር ተቀምጣ ታይ ነበር። አንድ ቀን ባሏ ቦታውን ለቀቀላትና ቢጫውን ወገን ያዘች። ቀስ እያለች መርከቧን ወደ መካከል አወጣች፤ የባለቤቴ ሰማያዊ ዶቃዎች ከወደቁበት አጠገብ ስትደርስ ቆመች።

«እነዚህንስ ማንሣት እችላለሁ?» አለች።

«እነሱ የእኔ ናቸው» አላት ባለቤቴ።

«የእርስዎ መሆናቸውን አይቻለሁ። ውኃ ላይ ስለሆኑ ነው።»

ባለቤቴ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበ። ወገናቸው ያነሣቸዋል ይላል እንጂ ሌላው አያንሣ የሚል አልነበረም። ወንድሜ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሚስቱን በጎን አያት።

«አልተከለከለም» አልሁ እኔ።

ዶቃዎቹን አንድ በአንድ ለቅማ መርከቧ ላይ ጫነቻቸው። ደሴቷ ላይ ስትደርስ የማን ሆነው እንደሚቆጠሩ ክርክሩ ተጀመረ፤ ነጋዴው አንድ ነገር ይላል፣ ባለቤቴ ሌላ ይላል፣ እሷም በረጋ ድምፅ የራሷን ትላለች። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ገና አልተስማማንም ነበር፤ ዶቃዎቹን እንዳሉ በደንገሉ ደሴት ላይ ትተን ለእራት ተነሣን።