«ወባ ነው» የተባለው ጋዝ

ገንዳ ውሃ ከተማ ታጣቂዎች የያዙኝ የሰሊጥ መጋዘን አየር ስለካ ነው። ዕቃዬ የሌዘር ጋዝ መለኪያ ነበር፤ አዛዣቸው ግን «ድሮን መጥሪያ» አለው። መለኪያውን ቢሮው አስቀምጦ እኔን ዕቃ ቤት በነበረ ክፍል ቆለፈብኝ።

ክፍሉ መስኮት የለውም። የጀርባው ግድግዳ ከአንድ የሰሊጥ መጋዘን ጋር የጋራ ነው። አብሮኝ የታሰረ፣ ለአጨዳ የወረደ የጎጃም ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ያስታውካል።

«ወንድምዓለም፣ ደረቴን አፈነኝ» አለኝ።

ጠባቂውን ስጠራ አዛዡ ራሱ መጥቶ በበሩ ቀዳዳ አየው።

«ወባ ነው። ቆላ ወርዶ ወባ ያልያዘው ማን አለ?» ብሎ ሄደ።

እዚያ አገር ራስ ካመመ ወባ ነው፤ ካስመለሰም ወባ ነው። እኔን ግን የበሰበሰ ዓሣ የሚመስል ሽታ ሸተተኝ። ሰሊጡ ላይ የተባይ ኪኒን አድርገው ሸራ አልብሰውታል ማለት ነው፤ ከኪኒኑ የሚወጣው መርዝ በግድግዳው ስንጥቅ ይገባል። ሰውዬው እዚያ ካደረ እንደማይነሳ አወቅሁ።

ከሰዓት ቢሮው ወሰዱኝ። አዛዡ ራሱን በፎጣ ጠፍሮ ተቀምጧል፤ ከጀርባው ያው መጋዘን ነው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

«አሠራው። ለማን እንደምትልክ አሳየኝ።»

አበራሁት። መለኪያው ጨረር በአየሩ ውስጥ ያሳልፋል፤ ጋዙ ካለ ከብርሃኑ የራሱን ድርሻ ይመጥጣል፣ ከጎደለው ብርሃን መጠኑ ይታወቃል፤ አፍንጫ የማይደርስበትን ኢምንት ሳይቀር። ቁጥሩ ወዲያው ወጣ።

«ምን ይላል?»

«ወባ ነው ይላል» አልኩት።

የራሱን ፎጣ አጠበቀ።

«አትቀልድ። ከጠዋት ጀምሮ አሞኛል። ምንድን ነው?»

እስከዚያ ሰዓት «እርስዎ» ነበር የምለው። «ያ ሰው ሳይወጣ አልነግርህም» አልኩት።

ተሳደበ፤ ከዚያ ጠባቂውን ጠርቶ አዘዘ። ሰውዬውን ተሸክመው ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ሲያስተኙት በበሩ አየሁ። እስኪያስተኙት ድረስ እዚያው ቢሮ ከአዛዡ ጋር ያንኑ አየር ተነፈስኩ፤ ሲያልበው እያየሁ ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ ነው «መርዝ ነው» ያልኩት። አዛዡም ተነሥቶ ወደ ውጭ ሮጠ።

ሰውዬው ዳነ። እኔንም ያለ ይቅርታ ፈቱኝ። ያ አዛዥ ዛሬ ከተማ ውስጥ ባገኘኝ ቁጥር «ነፍሴን ያተረፍክ» እያለ እጁን ይዘረጋል። አልጨብጠውም።

«እኔ ያተረፍኩት ያን ሰው ነው» እለዋለሁ። «አንተ ተከትለህ ወጣህ።»