ያልሰጠሁት አንድ ነገር

ስሙን አልጽፍም። ሶዶ ትንሽ ከተማ ናት፤ ካነበበው ራሱን ያውቃል።

በአንድ ኮሌጅ የታይፕ መምህር ነበርኩ። ጣቶቹን በቁልፎቹ ላይ እንዴት እንደሚያሳርፍ ያሳየሁት ተማሪዬ ትምህርቱን ጨርሶ ተመለሰና የክፍላችን ኃላፊ ሆነ። የታይፕ መኪናዎቹ ወደ ግምጃ ቤት ሲገቡ የእኔም ሥራ አበቃ። የቀረኝ ፓይተን የሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ሥልጠና ነበር። በመጨረሻው ቀን ፕሮግራሙ የሠራለት በመምህርነት ይመደባል፤ ያልሠራለት መዝገብ ቤት ይላካል። ልመዘገብ ስገባ ኃላፊው በሰው ፊት፣ "አንቺ ደግሞ ምን አደከመሽ? የመዝገብ ቤቱ ወንበር እኮ ይመቻል" አለኝ። ድሮ "እርስዎ" ነበር የሚለኝ።

መብራት ስለሚጠፋ ኮዱን መጀመሪያ ኃላፊው ካዘጋጀው ወረቀት ላይ ወደ ደብተራችን በእጅ እንገለብጣለን፤ መብራት ሲመጣ እንተይባለን። "ተማሪ" የሚባል ክላስ፣ ማለትም የተማሪ ንድፍ፣ ነው፤ ውስጡ በስሙ ሲጠራ ሰላምታ የሚያወጣ አንድ ተግባር አለ። ከክላሱ አንድ ተማሪ ፈጥሬ ሰላም እንዲል ስጠራው "ታይፕ ኤረር" የሚል የስህተት መልእክት በቀይ መጣ። ተግባሩ ምንም አይቀበልም፣ አንድ ነገር ግን ተሰጥቶታል ይላል። የጠራሁበት ቅንፍ ባዶ ነው። ምንም አልሰጠሁም።

በአንድ ለአምስት የተደራጀነው ስድስታችንም ያው ስህተት ገጠመን። ወረቀቱን የጠረጠረ አልነበረም። ይልቅ ግምገማ ተቀመጥን። የቡድን መሪያችን፣ ከዲምቱ የመጣ ወጣት መምህር፣ ቃለ ጉባኤ ይዞ ጠየቀ።

"ወረቀቱ ከኃላፊ የመጣ ስለሆነ ችግሩ የእኛ ነው። የክህሎት ነው ወይስ የአመለካከት?"

"የአመለካከት ነው" አለች አንዷ ወደ እኔ እያየች። "ኮምፒውተር መጀመሪያ የነካችው ቲቸር ናት። በዓይኗ በልታው ይሆናል።"

ሳቁ። በወላይትኛ የተጨመረውን እዚህ አልተረጉመውም። "የጥንቃቄ ጉድለት" ተብዬ በቃለ ጉባኤው ሰፈርኩ። ያቺን ሴት ዛሬም ገበያ ሳገኛት ሰላምታዬ አጭር ነው።

በማግስቱ ከቤተ መጻሕፍት አንድ የፓይተን መጽሐፍ ተውሼ ከወረቀቱ ጋር መስመር በመስመር አስተያየሁት። በመጽሐፉ ውስጥ በክላስ ሥር ያለ ተግባር ሁሉ ቅንፉ "ሴልፍ"፣ ማለትም "ራሱ"፣ በሚል ቃል ይጀምራል። በእኛ ወረቀት ላይ አንድም ቦታ የለም። ያን ጊዜ ገባኝ። ወረዳ ጽሕፈት ቤት ፋይልህ ሲጠራ ማንም "አንተ ግባ" ሳይልህ አብረህ ትገባለህ፤ ያለ አንተ ፋይሉ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ተግባሩም ሲጠራ ተማሪው ራሱ ሳይጠሩት አብሮ ይገባል። የተሰጠው "አንድ" እሱ ነው። ወረቀታችን ግን መቀመጫ አላዘጋጀለትም።

በመጨረሻው ቀን ኃላፊው ከኋላዬ ቆመ። ተግባሩ በሚጀምርበት መስመር ቅንፉ ውስጥ ሴልፍን ጨመርኩ። ሰላምታው ወጣ።

"ምን ነካካሽበት?"

"ከወረቀቱ የጎደለውን መለስኩ።"

"በአንድ ገጽ እንዲያልቅ ብዬ ነው ያወጣሁት። ትርፍ ቃል ነው።"

"ትርፍማ አይደለም። የባለቤቱ ቦታ ነው" አልኩት።

 ለአምስቱ ባልደረቦቼ አሳየኋቸው፤ ለዚያች ሴት መጨረሻ ላይ። ስድስቱም ኮምፒውተር ላይ ሰላምታው ወጣ። ኃላፊው በሪፖርቱ "የቡድን ውጤት" ብሎ ጻፈው። ይጻፍ። ምደባው ሲለጠፍ ግን የመጀመሪያው ዓመት ክፍል ለእኔ ተሰጥቶ ነበር።

በመጀመሪያው ትምህርቴ ያንኑ ኮድ ሴልፍን ሆን ብዬ ትቼ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ተይበው ስህተቱ ሲመጣባቸው ሁሉም ደብተራቸው ላይ አቀረቀሩ፤ በአገለባበጣቸው የተሳሳቱ መስሏቸው።

"ደብተሩን ተዉት" አልኳቸው። "ስህተቱ የሚለውን አንብቡ፤ ከዚያ እኔን ጠርጥሩ።"

 ከጉኑኖ የመጣች አንዲት ልጅ ከኋላ ወንበር ላይ፣ ደብተሯን ዘግታ ሰሌዳውን እያየች፣ እጇን አወጣች።