መጥቼ የቀረሁበት በረራ

የዛሬው ሞኝነቴ ጨዋነት ነው። ዕድሜ ልኬን ያልሞከርኩትን፣ በሰባ ሦስት ዓመቴ ጨዋ ልሁን ብዬ ተነሳሁ።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ አሰላ

ታላቅ እህቴ ትናንት ማታ ድሬዳዋ አረፈች። ልጇ ጀማል ደውሎ፣ "አጎቴ፣ እስከ ከሰዓቱ አሱር ሶላት እንጠብቅዎታለን። ከዚያ ወዲያ ሬሳ ማቆየት አይሆንልንም" አለኝ። ትኬት በስልክ ተቆረጠልኝ። የጭላሎ ተራራ ብርድ ጋቢዬን አልፎ አጥንቴን እየቆጠረ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

11 ሰዓት፣ ዴራ

ብርዱ ለቀቀን። ፍየሎች አስፋልቱን ይዘውታል። ሾፌሩ ጥሩንባውን እየነፋ፣ "አባባ፣ አውሮፕላን ጆሮ ይደፍናል አሉ፤ አይፈሩም?" አለኝ።

"ሚስቴ ሃምሳ ዓመት ጮኻበታለች፤ የቀረ ጆሮ የለኝም።"

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ካልሳቅኩ ማልቀሴ ነው።

ጠዋት 2 ሰዓት፣ አየር ማረፊያ

ሰልፍ አለ። ትኬቴ ተቆርጧል፣ ምን አስቸኮለኝ? ሕፃን ያዘለች መጣች፤ እለፊ አልኩ። ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ መጣ፣ በአሥር ዓመት ሳያንሰኝ አይቀርም፤ ይለፉ አልኩ። ነጋዴዎቹንም "እለፉ፣ ድሬ ስንደርስ ጫት ትገዙልኛላችሁ" እያልኩ አሳለፍኳቸው። ሰልፉ በሳቅ ሞቀ። በመጨረሻ ተራው የእኔ ሆነ።

"አባባ፣ በረራው ሞልቷል" አለች መዝጋቢዋ።

"ትኬት አለኝ እኮ!"

"ትኬት ቆርጦ የሚቀር ሰው ስላለ ከወንበሩ ትንሽ አብልጠን እንሸጣለን። ዛሬ ሁሉም መጣ። በፈቃዱ የሚቀር ከሌለ፣ መጨረሻ የተመዘገበው ነው የሚቀረው።"

ትኬት ቆርጦ የሚቀር ጠፋና መጥቼ የቀረሁት እኔ ሆንኩ!

ወደ ሰዎቹ ዞረች። "ነገ ጠዋት መሄድ የሚችል አለ? ሆቴልና ምግብ በእኛ ነው፤ ካሳም አለው።" ሁሉም ጫማውን አየ።

"እህቴን ልቀብር ነው" አልኩ ጮክ ብዬ።

ሳቁ። አንዱ ነጋዴ ዓይኑን እየጠረገ፣ "አይ አባባ! ለአንድ ወንበር ብለው እህትዎን ይገድላሉ?" አለኝ። ማልቀስ ነበረብኝ፤ ከንጋት ጀምሮ ሲያሾፍ የዋለው ፊቴ ግን እምቢ አለኝ። ያልወጣው እንባ በአፌ ወጣ። ወደ ልጅቷ ዞሬ፣ "ሌባ! ወንበሬን ሸጥሽው!" ብዬ ጮኽኩባት።

ልጅቷ የራሷን ወንበር ከባንኮኒው ጀርባ አውጥታ አስቀመጠችኝ፤ ቆማ መሥራቷን ቀጠለች። የከሰዓቱን በረራ ፈተሸችልኝ። እሱም ሞልቷል።

9 ሰዓት ተኩል፣ ሆቴል

አልጋው ለአራት ሰው ይበቃል። ጥብስ ቀርቦልኝ ቀዝቅዟል። ጀማል ደወለ።

"አጎቴ፣ ሰው ቆሟል። ምን እናድርግ?"

ለዚህ የሚሆን ቀልድ ፈለግኩ፤ አጣሁ።

"ቅበሯት" አልኩ።

በማግስቱ፣ ድሬዳዋ

ፀሐዩ ገና በጠዋቱ ያቃጥላል። ጀማል መቃብሩን አሳየኝ። ትናንት ውሃ ያርከፈከፉበት አፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አንድ እፍኝ አፈር ዘግኜ ከላይ በተንኩ፤ ነፋሱ ግማሹን ወሰደው። ዱዓ አድርጌ ተነሳሁ። ሁሉም አልቅሶ ጨርሷል፤ ብቻዬን ለማልቀስ አፈርኩ።

ለመዝጋቢዋ ልጅ ግን ዕዳ አለብኝ። ዛሬ ጠዋት ስሳፈር ይቅርታ ልላት ብፈልጋት ተረኛዋ ሌላ ነበረች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኩም። ሌባ ያልኳት ሰው ሁሉ እየሰማ ነው፤ አፉ በይኝ የምላትም ሰው ሁሉ እየሰማ መሆን አለበት።