ሰርቨር ክፍል ውስጥ የተሰቀለው ሥጋ

ዛሬ ጠዋት የሰርቨር ክፍላችንን በር ስከፍት የበሬ ጭን በኔትወርክ ገመድ ታስሮ ተሰቅሏል። ደሙ ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

የአሶሳን ሙቀት ታውቃላችሁ። በግቢያችን ቀን ከሌት የሚቀዘቅዘው ክፍል የታካሚዎች የአንጎል ምስል የሚቀመጥበት ይሄ ክፍል ብቻ ነው።

ለካ የምርምር ማዕከላችንን ሊጎበኙ ለሚመጡ እንግዶች ቁርጥ ታስቦ ኖሯል! ለቢራው ደግሞ ፍሪጅ ሊሰኩ ሰርቨሩን ነቅለውታል። ሁለት ሳምንት ሲሠራ የከረመው የምስል ትንተና ገደል ገባ።

የመስተንግዶ ኃላፊውን ብጠይቀው፣ «ማሽን ተመልሶ ይነሳል፤ ሥጋ ከተበላሸ ግን አለቀለት» አለኝ። ሳያፍር!

እንግዶቹ መጡ፣ በሉ፣ አጨበጨቡ፣ ሄዱ። ሰርቨሩን ልይ ያለ አንድም ሰው የለም። (ቢሉስ ከሥጋ ሽታ በቀር ምን ሊያገኙ?)

ስወጣ ልጃቸውን የሚጥል በሽታ የሚያሠቃይባቸው አባት ከቶንጎ መጥተው በሩ ላይ ተቀምጠዋል።

«የኔ ልጅ ጭንቅላት ፎቶ፣ ደረሰ?» አሉኝ።

አልደረሰም አባቴ። የደረሰው ሥጋው ነው።

እስቲ እናንተም አውሩኝ፤ በመሥሪያ ቤታችሁ ሰርቨር ክፍል ምን ተሰቅሏል?