የቧንቧው ሳል

ቢሮ ጠረጴዛዬ ላይ ያለችው ከተማ ውሃዋን ራሷ ትቆጥባለች፣ መብራቷን ራሷ ታጠፋለች፣ የቆሻሻ ገንዳዋ ሲሞላ ራሷ ለመኪናው ትናገራለች። ሥራዬ የእሷን ንድፍ ማዘጋጀት ነው፤ ቢሮ ውስጥ ስማርት ሲቲ እንላታለን። ከሥራ ስወጣ ግን የምሄደው ወደ ኮልፌ ቀራንዮ ነው፤ አስኮ አለፍ ብሎ ወዳለው ኮንዶሚኒየማችን። እዚያ ውሃ በሳምንት ሁለቴ፣ ደስ ባለው ሰዓት ይመጣል። እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ። ባኞ ቤቴ ውስጥ እስከ ደረቴ የሚደርስ ሰማያዊ በርሜል አለ፤ ስለዚያች ብልህ ከተማ ጥሩ ጥሩ ሐሳብ የሚመጣልኝ እሱ ላይ ተደግፌ ስቆም ነው።

ሕንፃችን የራሱ ዘዴ ነበረው። ግራውንድ ላይ አንዲት እናት ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ትምህርት ቤት ደወል ይደውሉ ነበር። ውሃ ሲመጣ የብረት ዘነዘናቸውን ይዘው ይወጡና የደረጃውን መደገፊያ ብረት ሦስት ጊዜ ይመቱታል። ድምፁ በብረቱ ሽቅብ ወጥቶ እስከ እኛ ይደርሳል። ሁለቴ ከመቱ ደግሞ ውሃው ሊሄድ ነው፣ ቶሎ ቶሎ በሉ ማለታቸው ነው። የሕንፃውን ውሃ የሚከፍተውና የሚዘጋው የዋናው ቫልቭ ሳጥን ቁልፍም እሳቸው ዘንድ ነው የሚቀመጠው። ጠዋት ወደ ሥራ ስንወጣ በራቸውን ሳያንኳኳ የሚያልፍ አልነበረም። እሳቸውም ቧንቧውን ዳሰስ ያደርጉና ወይ ከሰዓት በኋላ ጠብቁ፣ ወይ ዛሬ ልብስ እንዳትዘፈዝፉ ይሉናል።

እኔን ይህ ነገር ያበግነኝ ነበር። ቀን ቀን ራሷን የምታስተዳድር ከተማ እየነደፍኩ፣ የገዛ ቤቴ በዘነዘና መተዳደሩ ያሳፍረኛል። ይህን ሳሰላስል አለቃዬ ንድፍ በወረቀት ሰልችቶኛል፣ አንድ እውነተኛ ሕንፃ ላይ ሠርቶ ካላየሁ የማንንም አልቀበልም አለ። የሁለት ዓመት ልፋቴ ነበርና የእኛ ሕንፃ አለ ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ።

የክብሪት ቀፎ የምታክል መሣሪያ አገኘሁ። ውስጧ ትንሽ መዘውር አለች፤ በቧንቧው ውስጥ ውሃ ሲያልፍ ትዞራለች፤ ስትዞር ወደተመዘገቡት ስልኮች ሁሉ «ውሃ መጥቷል» የሚል መልእክት ትልካለች። የቫልቩን ሳጥን ቁልፍ ከእማማ ተውሼ አስገጠምኳት። ምንድን ነች ብለው ሲጠይቁኝ ከእንግዲህ እሷ ስለምትናገር እርስዎ ያርፋሉ አልኳቸው።

«ማን ደከመኝ አለሽ?» አሉኝ።

የቀለዱ መስሎኝ ሳቅኩ። ከዚያ ወደ ላይ ወጥቼ በየበሩ እየዞርኩ ስልክ ቁጥር መመዝገብ ጀመርኩ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሠርግ ነበሩ። ሁለተኛ ፎቅ ያለው ነጋዴ ሱቁ ቁጭ ብሎ ውሃ መምጣቱን ያውቅና ከሚስቱ ቀድሞ ደውሎ ይነግራታል። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው የቸርች ኳየር መሪ ባገኘችኝ ቁጥር ጌታ ይባርክሽ እያለች እስከ በሬ ትሸኘኛለች። ተመረቅኩ፣ ጠገብኩ። እማማ ዘነዘናውን አስቀመጡ። ጠዋት ጠዋት በራቸው ላይ ዱካ አውጥተው ይቀመጣሉ፤ እኛም ስልካችንን እያየን ደህና አደሩ ብለን እናልፋለን። ማንም አያንኳኳም፣ ማንም ዛሬ ይመጣል ወይ አይልም። አይቻለሁ፣ ግን ልብ አላልኩም። ዕረፍት የሰጠኋቸው መስሎኝ እንዲያውም በራሴ ኮርቼ ነበር።

አለቃዬ ከሁለት ባልደረቦች ጋር ሊያይ የሚመጣበት ቀን ደረሰ። ቀጠሮው አራት ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የሁላችንም ስልክ ጮኸ፤ ውሃ መጥቷል። ሕንፃው በሙሉ ቧንቧውን ከፈተ፣ ጎማውን በርሜሉ ውስጥ ከተተ። ቧንቧው ግን አሳለው።

እዚህ አገር የኖረ ሰው ሳሉን ያውቀዋል። ውሃ ከመምጣቱ በፊት ቧንቧው ትፍ ትፍ ይላል፣ አየር ያስወጣል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ውሃው አንዳንዴ ወዲያው ይከተላል፣ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ይቆያል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይቀራል። እማማ በሳል ብቻ መትተው አያውቁም ነበር። ዘነዘናውን እንደያዙ ሳሉ እስኪያልፍና ውሃው እስኪጠራ ይጠብቃሉ። የእኔ መዘውር ግን በአየርም ትዞራለች። ይህን አላወቅኩም።

ሰው ትንሽ ጠበቀ፤ የታክሲ ሰልፉ ሳይረዝም ለመድረስ ቸኮለ። መልእክቱ መጥቷል ካለ መምጣቱ አይቀርም ብሎ ሁሉም ቧንቧውን ክፍት ትቶ፣ በሩን ቆልፎ ሄደ። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። እንግዶቼ መንገዱ ስለጠፋባቸው ልቀበላቸው ጦር ኃይሎች ድረስ ሄድኩ። ስንመለስ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ የሰው እጅ ሳይነካው ስለሚሠራ ሥርዓት መንገዱን ሙሉ አስረዳኋቸው።

ሕንፃው በር ላይ ስንደርስ ውሃው በደረጃው እየተንዶለዶለ ይወርዳል። አንድ አረንጓዴ ነጠላ ጫማ ከላይ ደረጃ በደረጃ እየዘለለ መጥቶ አለቃዬ እግር ሥር ቆመ። ደጃፌ ላይ የተውኩት የእኔ ነበር። አለቃዬ ሱሪውን እየሰበሰበ ይህም የንድፉ አካል ነው ወይ ብሎ በትሕትና ጠየቀኝ። ልመልስለት አፌን ስከፍት ስልኬ ጮኸ። ኔትወርክ ያዘገየው መልእክት ነው፤ ውሃ መጥቷል ይላል። በትከሻዬ በኩል አንብቦት፣ በዚህስ አልዋሸችም አለ።

ቫልቩ መዘጋት ነበረበት፣ ቁልፉ ደግሞ እማማ ዘንድ ነው። ሮጬ ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ። የበሩ ሥር በተጠቀለለ ብርድ ልብስ ተደፍኗል። ግቢ አሉኝ። ገፍቼ ስገባ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ቁምሳጥን ላይ ወጥቷል፤ የዱቄቱ ማዳበሪያ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ጫማዎቹ መስኮቱ ላይ ተደርድረዋል። እማማ የዝናብ ቦት ጫማ አድርገው፣ ቁልፉን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ ያውቁ ነበር?»

«የጠዋቱን ሳል አልወደድኩትም» አሉ። «እንደዚያ ረጅም ሳል ሲስል የሚያመጣው ውሃ ብዙ ነው።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩን?»

«ማን ጠየቀኝ?» እጃቸውን ትራሳቸው ሥር ሰድደው በመሐረብ የተጠቀለለ ስልክ አወጡ፤ ቁልፍ የሚጫኑት ዓይነት ነው። «ለሰው ሁሉ መልእክት ትልኪያለሽ አሉ። እኔም ይመጣል ብዬ በየቀኑ ቻርጅ አደርገዋለሁ። ለእኔ አልላክሽም።»

እውነታቸውን ነው። ቁጥር ስመዘግብ የሕንፃውን በር ሁሉ ሳንኳኳ የእሳቸውን ዘልዬ ነበር። ውሃ መምጣቱን ራሳቸው ያውቁ የለም፣ መልእክቱ ምን ያደርግላቸዋል ብዬ ነው። አለቃዬ ፊት ካፈርኩት ይልቅ እሳቸው ፊት ያፈርኩት ባሰ። ይቅርታ ማለት ሲገባኝ እጄን ለቁልፉ ዘረጋሁ።

«መጀመሪያ ጻፊ» አሉኝ።

ደጅ ላይ አለቃዬ ስሜን እየጠራ ይጮሃል፣ ውሃው ቁርጭምጭሚቴን አልፏል፣ እማማ ግን ቁጥራቸውን አንድ በአንድ እየነገሩኝ መጻፌን ዓይናቸውን ሰብስበው ያያሉ። መሐል ላይ አንዱን ተሳሳቱና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን። ጨርሼ መልሼ ካነበብኩላቸው በኋላ ነው ቁልፉን የሰጡኝ።

ያን ቀን እስኪመሽ ስወለውል ዋልኩ። የኳየሯ መሪ ከሥራ ተመልሳ ቤቷን ካየች በኋላ ለሳምንት ያህል በረከቴ ተቋረጠ። ነጋዴው ግን ወለሉ ገና ዛሬ ጠራ ብሎ ሳቀ።

መሣሪያዋን አልነቀልኳትም። አሁን መልእክቱ የሚሄደው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም «እማማ፣ ውሃ መጥቷል?» ይላል። እማማ ሄደው ይዳስሳሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ሳሉ ካለፈ ይመታሉ። ንድፉን አስተካክዬ እንደገና ለአለቃዬ ሳቀርብ፣ በመሣሪያዋና በቤቶቹ መካከል ማረጋገጫ ብዬ አንድ ሳጥን ጨመርኩ። አተኩሮ አየው። ይሳሳታል ወይ አለኝ፤ እስካሁን ተሳስቶ አያውቅም አልኩ። ከየት አገር እንደምናስመጣው ጠየቀኝ፤ ከግራውንድ አልኩት። ሊስቅ ሲል ነጠላ ጫማው ትዝ አለው መሰለኝ ተወው። ለሌሎቹ ሕንፃዎችስ ከየት ይገኛል ሲለኝ፣ በየሕንፃው አንድ አይጠፋም፣ ግን በር ማንኳኳት ይጠይቃል አልኩት። ንድፉን ተቀበለው።

ትናንት ጠዋት ባኞ ቤት ሆኜ ቧንቧው ሲያስለው ሰማሁ። ዘግቼው ወጣሁና ደረጃው ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ከታች ነጋዴው ዘነዘናው ምነው ዘገየ እያለ ይነዘንዛል።

«ቆይ እንጂ» አሉት እማማ። «ልጅቷ ጠይቃኛለች፤ ገና አልመለስኩላትም።»