የባይተዋሩ አንቱታ

መብራት ጠፍቶ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሆቴል ጄኔሬተሩን ሲያስነሣ፣ መጀመሪያ እያሳለ ቀጥሎም እየተንደቀደቀ የሚመጣው ድምፅ ደብረ ታቦር የነበረንን ቤት ያመጣብኛል። ቤታችን ሁለት ክፍል ነበረው፤ በአንዱ እንኖር ነበር፣ በሌላው አባቴ በጄኔሬተር ቪዲዮ ያሳይ ነበር። እናቴ ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት አትገባም ስለምትል ፊልሞቹን አይቻቸው አላውቅም፤ መደብ ላይ ተቀምጬ፣ ጀርባዬን ለጭቃው ግድግዳ ሰጥቼ፣ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ እሰማቸው ነበር።

የምሰማውም የአባቴን ድምፅ ነበር። ይህን ለማያውቅ ላስረዳ፦ ያን ጊዜ የውጭ ፊልም ሲታይ አንድ ሰው ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ በአማርኛ ይተረጉም ነበር። አባቴ በልጅነቱ ዳዊት ደግሟል፣ እስከ ዐሥረኛ ክፍልም ተምሯል፤ ከእንግሊዝኛው የገባውን ይናገራል፣ ያልገባውን ደግሞ ከተዋንያኑ ፊት አንብቦ ይሞላዋል። ክረምት ላይ ገበሬው እርሻውን ስለማይለቅ ቤቱ ጭር ይል ነበር፤ ዝናቡም ቆርቆሮውን ሲመታ አባቴ ለጥቂት ሰው ይጮህ ነበር።

ጥቅምት ሲገባ ሐጂ ኑሩ የሚባሉት ጎረቤታችን፣ ጨርቅ ነጋዴው፣ ከባሕር ዳር ሲመለሱ አንድ ሲዲ አመጡለት። ታሪኩ ይህ ነበር፦ ከገጠር የመጣ ሾፌር የሚኒስትር ልጅ አግብቶ ከባለሥልጣናት ጋር ማዕድ ይቀርባል፤ በሹካ አያያዙ ይስቁበታል፣ ስሙን እንኳ አስተካክለው አይጠሩትም። አንድ ቀን በግብዣ መሐል ሰው ተገድሎ ይገኛል፤ ገዳዩ ሚኒስትሩ ሆኖ ሳለ ወንጀሉ በሾፌሩ ላይ ይወድቃል። አባቴ የሾፌሩን ስም ትቶ «ባይተዋሩ» ይለው ነበር።

እዚህ ላይ የሰዋስው ነገር ይመጣል። በእንግሊዝኛ ለትልቁም ለትንሹም የሚባለው አንድ ቃል ነው፤ ስለዚህ አንተ ወይም አንቱ የሚለውን የሚመርጠው አባቴ ነበር። ባይተዋሩ ፊልሙን ሙሉ አማቱን «አንቱ» እያለ ቆይቶ፣ መጨረሻ ላይ ፍርድ ቤት ቆሞ፣ ጣቱን ቀስሮ፣ «የገደልከው አንተ ነህ» ይላል። ያን ጊዜ ቤቱ በጭብጨባ ይናወጥ፣ ግድግዳውም ጀርባዬ ላይ ይርገበገብ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ቃሉ ከቤታችን ወጥቶ ሄዶ ነበር፤ የመናኸሪያ ልጆችና ከእብናት ከብት ይዘው የሚመጡ ጎረምሶች ሲቀላለዱ «የገደልከው አንተ ነህ» ይባባሉ ነበር። አንድ ቅዳሜ፣ በከተማው ትልቅ ሰው የሚባል ባለሥልጣን ገበያው ዳር ከመኪናው ሲወርድ፣ ከሰው መሐል ያው ቃል ተወረወረበት። ሰውየው እኔ እስከማውቀው ማንንም አልገደለም። ቃሉን የወረወረው ማን እንደሆነ ስላልታወቀ በማግስቱ ፖሊሶች መጥተው አባቴን ወሰዱት።

ሐጂ ኑሩ ዋስ ሊሆኑት ሄደው የሰሙትን ለእናቴ ነገሯት።

«መርማሪው፣ እንግሊዝኛው አንተ ይላል ወይ? ብሎ ጠየቀው። ባልሽ ደግሞ መዋሸት አያውቅ፣ በእንግሊዝኛ አንተም አንቱም አንድ ነው አለው።»

«ጥሩ ነዋ» አለች እናቴ።

«ምኑ ነው ጥሩው ልጄ? እንግዲያው አንቱ ማለት ስትችል ማን አንተ በል አለህ? አለዋ።»

እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «እሱስ ምን አለ?»

«ሰው ከገደለ ወዲያ ምን አንቱ አለ፣ አለ።»

በጥምቀት ሰሞን ፈቱት። ግን ፊልሙን አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲያሳይ፣ ባለሥልጣኑም ባለበት ቃሉን እንዲያርም ታዘዘ፤ ካላረመ ቤቱ ይዘጋል። ሌላ መተዳደሪያ አልነበረንም።

«አንዲት ቃል ናት» አለችው እናቴ። «በላትና ቤታችን ክፍት ይሁንልን።»

«እላታለሁ» አላት። እንደሚላትም አውቅ ነበር።

ፊልሙ በሚታይበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ከኛ ክፍል ወንበር ተወስዶ ለሰውየው ከፊት ተቀመጠለት። ፊልሙ እስኪያልቅ ማንም አልሳቀም፣ ማንም አላጨበጨበም። ፍርድ ቤቱ ጋ ሲደርስ አባቴ ዳዊት በሚያነብበት ድምፅ ቀስ አድርጎ፣ «የገደሉት አንቱ ነዎት» አለ።

በቤቱ ውስጥ አንቱ የሚባለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ቀድሞ አንተ ሲል የሚሰማው የፊልሙ ሚኒስትር ነበር፤ አሁን ግን፣ ኋላ እንደተነገረኝ፣ ሁሉም ወደ ወንበሩ ዞረ። አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ፣ ተከትሎ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። በዚያ ግድግዳ በኩል እንደዚያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። ቀጥሎ ወንበሩ ሲገፋ ሰማሁ፣ በሩም ሲከፈት። በነጋታው ቤቱ ታሸገ። እናቴ ወንበሩን አስመልሳ ወለወለችው፣ ምሳም አቀረበችልን፤ በላን።

ጾሙ ሲገባ አባቴ በአንድ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ማንንም አንተ ወይም አንቺ አላለም፤ ጆንያ ተሸካሚዎቹን፣ የጎረቤት ሕፃናትን፣ እናቴንም ጭምር አንቱ ይል ጀመር። መጀመሪያ ቀልድ መስሎን ስቀንበት ነበር፤ እስከ ፋሲካ ስንጠብቅ ግን አልተወውም።

ዛሬ አንበሳሜ ከተማ አማርኛ አስተምራለሁ። ተውላጠ ስም ስደርስ ሰሌዳውን ከሁለት ከፍዬ፣ ይህ ለቅርብ ሰው፣ ይህ ለሚከበር ሰው እያልኩ እጽፋለሁ፤ ተማሪዎቼም ጥያቄ ሳይኖራቸው ይገለብጣሉ። ቅዳሜ ደብረ ታቦር ስሄድ አባቴ ከመቀመጫው ይነሣልኛል። ልጅ ሳለሁ «ነይ አንቺ ቀበጥ» ብሎ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጠኝ ነበር፤ አሁን «እንደምን ሰነበቱ፣ ይቀመጡ» ይለኛል። እኔም ባሳየኝ ቦታ እቀመጥና «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቱስ?» እላለሁ።